ነፃው ትምህርትና የማኅበራችን መዝገብ

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ጥቂት ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ከምሳ በኋላ ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ ሰው እንቅልፍ ከማምጣት በቀር ምን ይፈይዳል ብዬ ነው። ኋላ ሳስበው ግን ጉዳዩ የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። የመዝገባችን ጉዳይ ነው። መዝገብ ደግሞ ሁላችንንም ይመለከታል። ስለዚህ ከመዝገቡ እጀምራለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት እናቷን ቀብራ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣች። እናቷ የማኅበራችን አባል ነበሩ። በደንባችን መሠረት ለቀብር የሚሰጠው ገንዘብ ሙሉ የሚሆነው ወርሃዊ መዋጮው ሳይቋረጥ ከተከፈለ ነው። ሦስቱን መዝገቦች በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነበርኩና ስማቸውን ጽፌ ፈለግሁ። በአሮጌው መዝገብ አሉ። በአዲሱም አሉ። በመካከለኛው የሉም። «እናትሽ ለተወሰኑ ዓመታት አቋርጠው ነበር» አልኳት። ልጅቷ አልተከራከረችኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ማታ ይህንን ለቀድሞዋ ገንዘብ ያዣችን ስነግራቸው ተቆጡኝ። «እሳቸው አቋረጡ? በዝናብ እንኳ አንድ ወር ቀርተው አያውቁም! ወረቀቱን አምጪ» አሉኝ። የመካከለኛውን መዝገብ ገጽ በገጽ ስናገላብጥ ሴትዮዋ ቁጭ ብለዋል። የእሳቸውን ስም እዚህ አልጠራም፤ ለምሳሌ ያህል ፀሐይ እንበላቸው። በአሮጌውና በአዲሱ መዝገብ «ፀሐይ» ተብለው በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ተጽፈዋል። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊያችን ደግሞ «ጸሀይ» ብለው በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ጽፈዋቸዋል። ለእኔና ለእናንተ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ናቸው።

ገንዘቡ ተከፈለ፤ ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኋት። ነገር ግን የቀድሞዋ ገንዘብ ያዣችን በሕይወት ባይኖሩ ኖሮስ? አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የከፈለችው በሁለት ፊደል ምክንያት ሊቀርባት ነበር። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ችግር ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚፈታ መጠየቅ ጀመርኩ። ለካ ይህንኑ ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች አሉ። ታሪክን፣ ቋንቋን፣ ሥነ ጽሑፍንና አሮጌ ሰነድን በኮምፒውተር መሣሪያ የሚያጠኑ ናቸው፤ ሙያውን ዲጂታል ሂውማኒቲስ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። የጥንት የቀረጥ መዝገብ፣ የሙዚየም ዕቃ ዝርዝር፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ስም፣ የጋዜጣ ክምር ይዘው «ይህ ሰው ያኛው ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኛም እንዲሁ።

ደስ ያሰኘኝ ነገር መሣሪያዎቻቸውን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም በነፃ ማስቀመጣቸው ነው። ጥቂቶቹን ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ2008 በካናዳ ዊሊያም ተርከልና አላን ማኬክረን የሚባሉ ሁለት የታሪክ ምሁራን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር ጽሑፍ አወጡ። ስሙን «ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን» አሉት። በ2012 ለሌሎች ጸሐፊዎች ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ባለሙያ ትምህርት ጽፎ ያቀርባል፤ ሌሎች ባለሙያዎች ሞክረውና አርመው ሲያልፍ ይታተማል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በ2017 በስፓኒሽ፣ በ2019 በፈረንሳይኛ፣ በ2021 በፖርቱጋልኛ ወጣ። በየቋንቋው ያሉ ሰዎች በመተርጎም ጀመሩ፤ ቆይተው የራሳቸውን ትምህርት መጻፍ ያዙ። ይህችን ነገር አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው «ዘ ካርፔንትሪስ» ይባላል። ካርፔንትሪ ማለት አናጢነት ነው። መነሻው የሳይንስ ሰዎችን ኮምፒውተር ለማስተማር በ1998 የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ በ2018 ከተመሳሳይ ቡድን ጋር ተዋሕዶ አሁን ያለውን ስም ያዘ። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የተዘጋጀ ላይብረሪ ካርፔንትሪ የሚባል ክፍልም አለው። ትምህርታቸው ብዙ ጊዜ የሁለት ቀን ነው። አስተማሪው ዝም ብሎ አያወራም፤ እያንዳንዷን ነገር በተማሪው ፊት እየሠራ ያሳያል፤ ተማሪውም እየተከተለ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ቀለም ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ይሰጡታል። አንደኛው «ጨርሻለሁ» ነው፤ ሌላኛው «እርዱኝ» ነው። እጅ ማውጣት የሚያፍር ሰው ወረቀቱን ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፍና ረዳት ይመጣለታል። ይህ ለእኛ የተፈጠረ አይመስላችሁም?

ከትምህርታቸው አንዱ የተዘጋጀው በሞዛምቢክና በታንዛኒያ ገበሬ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ መጠይቅ ነው። ስንት ክፍል አላችሁ፣ ከብት አላችሁ ወይ፣ መስኖ ትጠቀማላችሁ ወይ የሚል። በመጠይቁ ውስጥ የአንዲት መንደር ስም አንዴ «ቺሮድዞ»፣ አንዴ ደግሞ «ቺርዶዞ» ተብሎ ተመዝግቧል።  ተማሪው የሚማረው ይህችን መንደር ወደ አንድ ስም መመለስ ነው። ይህንን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ያፈርኩበት ስሕተት ለካ ማስተማሪያ ሆኖ ተቀምጧል።

የነዚህ ትምህርቶች ፈቃድ የሚለው አጭር ነው፦ ውሰዱ፣ ቅዱ፣ ተርጉሙ፣ እንደሚመቻችሁ አስተካክሉ፤ የጻፈውን ሰው ስም ግን ጥቀሱ፤ የለወጣችሁት ነገር ካለም «ለውጠነዋል» በሉ። ደብዳቤ ጽፎ ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል።

አሁን ወደ ሙከራዬ ልመለስ። የተጠቀምኩበት መሣሪያ ኦፕንሪፋይን ይባላል። ለተዝረከረከ ሰንጠረዥ ማጥሪያ ነው፤ ገብስ እንደማበጠር አድርጋችሁ አስቡት። የተማርኩት ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን ላይ በ2013 ከወጣ ትምህርት ነው፤ መለማመጃው የሲድኒው ፓወርሃውስ ሙዚየም የዕቃ ዝርዝር ነው። መሣሪያው አንዴ ኮምፒውተራችን ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መዝገባችን ከቤታችን አይወጣም ማለት ነው። ማን ታመመች፣ ማን ተቸገረች፣ ለማን ስንት ተሰጠ የሚለው ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ስላለ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው በሦስት ምሽት ገባኝ። መሣሪያው የሚመሳሰሉ ስሞችን ሰብስቦ «እነዚህ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በትርፍ ክፍት ቦታ የተለያዩትን ወዲያው ያገኛል። «ወ/ሮ» እና «ወሮ» ተብለው የተጻፉትንም ያገናኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ፀሐይንና ጸሀይን ጠበቅሁ። አላገኛቸውም።

ለምን? መሣሪያው የላቲን ፊደልን ጠባይ ተምሯል። ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ እንደሆነ ያውቃል፤ በፊደል ላይ የሚቀመጥ ምልክትን ማንሳት ያውቃል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ እንደሆኑ የነገረው ግን የለም። በፊደል ልዩነት ብዛት የሚለካ ሌላ መንገድም አለው፤ ሞከርኩት። ፀሐይ እና ጸሀይ በሁለት ፊደል ይለያያሉ። «እስከ ሁለት ፊደል ልዩነት ይፈቀድ» ስለው አስቴርንና አስካለን አንድ ሰው አደረጋቸው! ስሞቻችን አጭር ስለሆኑ ሁለት ፊደል ማለት ግማሽ ስም ነው።

ሌላም አለ። መሣሪያው ስሞችን ሲያወዳድር የቃላቱን ቅደም ተከተል ያፈርሳል። ለፈረንጅ ይጠቅመዋል፤ የቤተሰብ ስም አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ይጻፋልና። በእኛ ግን «ደስታ ዓለሙ» እና «ዓለሙ ደስታ» ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም አባትና ልጅ። እሺ ብዬ አንዲት ቁልፍ ብጫን ኖሮ አባትን ከልጅ አጋጭቼ በአንድ ስም እቀብራቸው ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። በሰንጠረዡ ላይ የስሙን ዓምድ ሳልነካ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ከፈትኩ። በአዲሱ ዓምድ ብቻ ሐመሩ ሐንና ብዙኃኑ ኀን ወደ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡ ሠን ወደ እሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐን ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀን ወደ ጸሎቱ ጸ መለስኩ። አምስት ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቤታቸው 35 ይሆናሉ። በተጨማሪ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ»። ከዚያ መሣሪያው በአዲሱ ዓምድ ላይ እንዲያወዳድር አዘዝኩት። ፀሐይና ጸሀይ ጎን ለጎን ቆመው መጡ።

የድሮውን ዓምድ ለምን አልነካሁም? ጸሐፊዎቻችን የጻፉት እንደጻፉት መቆየት ስላለበት ነው። ፊደል ምልክት ነው፤ ማን እንደጻፈውና የት እንደተማረች እንኳ ይናገራል። በግዕዝማ ትርጉም ይለውጣል፤ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ «ሰአለ» ለመነ ነው። ስለዚህ ለፍለጋ የሚሆን ቅጂ እንሠራለን እንጂ የተጻፈውን አናርምም።

ቀኑም እንዲሁ አስቸግሮኝ ነበር። ሰንጠረዡ ቀን የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። «30/2» ብዬ ጥቅምት 30ን ስጽፍ፣ እሱ የካቲትን እንደሚያስብ ሰው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። ጳጉሜን 3 ደግሞ በአሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አይገባውም። የካርፔንትሪስ ትምህርት ለዚህ የሚሆን ምክር አለው፦ ቀን በአንድ ዓምድ፣ ወር በሌላ፣ ዓመት በሌላ ጻፉ ይላል። እነሱ ይህንን የመከሩት ሰንጠረዡ ቀንን በራሱ እየለወጠ ስላስቸገራቸው ነው፤ ስለ ጳጉሜን አስበው አይደለም። ለእኛ ግን ልክ ሆነልን።

እህቶቼ፣ ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ትምህርቱ በነፃ ተሰጥቶናል፤ ይህ እውነት ነው፤ የሰጡንንም እናመሰግናለን። ነገር ግን በነፃ የተሰጠ ሁሉ እጃችን አልገባም። በመካከሉ ቋንቋው አለ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የኢንተርኔት ካርዱ አለ፤ መብራቱ አለ፤ ላፕቶፑ አለ። ከሁሉ በላይ ጊዜው አለ። ልጅ አስተኝታ፣ ሰሐን አጥባ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ብቻዋን የምትማር ሴት ሦስተኛው እርምጃ ላይ ስትሰናከል የምትጠይቀው ሰው ከሌለ ትተወዋለች። ስንፍና አይደለም፤ ብቸኝነት ነው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ትቼው ነበር።

ነፃ የሚለውን ቃልም መለየት አለብን። ትምህርቱ ነፃ ሆኖ መሣሪያው የሚያስከፍል ይኖራል። ለምሳሌ ትራንስክሪበስ የሚባል አለ፤ የእጅ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ተሰጥቶት ወደ ታይፕ ፊደል ይመልሳል። የተጀመረው በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ሲሆን አሁን የያዘው በአባላት የተቋቋመ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ከተወሰነ ገጽ በላይ ሲሆን ይከፈልበታል፤ ፎቶግራፎቹም ወደ እነሱ ኮምፒውተር ይላካሉ። ስለዚህ የእርዳታ መዝገባችንን ለእንዲህ ያለው ከመስጠታችን በፊት መነጋገር አለብን። ፎቶግራፎችን ለማደራጀት ግን ትሮፒ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ዞቴሮ የሚባለው ደግሞ መጻሕፍትንና ጽሑፎችን ይመዘግባል። ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ዞቴሮ የደራሲን ስም «የቤተሰብ ስም» እና «የራስ ስም» ብሎ ለሁለት ይከፍላል፤ ነገር ግን ስምን በአንድ ሳጥን የመጻፍ ምርጫ አለው። ያንን ካልመረጡ የአባትን ስም ከፊት ያመጣና የእኛን ደራሲያን በአባታቸው ስም ያስጠራቸዋል።

«ይህን ሁሉ ባለሙያ ቢሠራልንስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ነው፤ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ባለሙያ አግኝተዋል። ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ሆነው የብዙዎቹን ዝርዝር አዘጋጅተዋል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በጀርመን በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ሥራ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ የብራና መጻሕፍት መረጃ እያሰባሰበ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። የአመዘጋገብ መመሪያቸውንም ማንም ሊያነብበው ይችላል።

የእኛን መዝገብ ግን ማንም ከሃምቡርግ ተነስቶ መጥቶ አይመዘግብልንም። ጥፋታቸው አይደለም፤ ሥራቸው ሌላ ነው። በሽሮ ዱቄትና በከሰል ጭስ መካከል የተጻፈ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር መዝገብ የብራና ያህል ክብር የለውም። ይሁን እንጂ የእናቶቻችን ስም የተጻፈው እዚያ ነው። ብዙዎቹ የቤት ካርታ በስማቸው አልነበራቸውም፤ ደመወዝ አልነበራቸውም። በገዛ ገንዘባቸው በገዛ ስማቸው ከፍለው የፈረሙበት ወረቀት ምናልባት ይኸው መዝገብ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ የፈረሙት በአውራ ጣት ነው። ይህ ከጠፋ ሌላ ቦታ አይገኝም። ጥቂት ገጾቹን ደግሞ ውኃ ነክቷቸዋል፤ አይታችኋል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በእቁብ መልክ እንማር። አምስት አምስት ሆነን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዲት ትምህርት ብቻ። እቁብ ዕጣ እንደምታወጣ ሁሉ በየሳምንቱ አንዷ ተራ ይደርሳታል፤ ትምህርቱን ቀድማ አንብባ ለአራቱ በአማርኛ ታስረዳለች። ጽሕፈት ቤታችን ላፕቶፕ አለው፤ ትምህርቱን አንዴ ብቻ አውርደን ካስቀመጥን በየጊዜው ኢንተርኔት አያስፈልገንም። ቀይና ነጭ ወረቀት እንቆርጣለን። ቀይ የለጠፈች ሳትረዳ አናልፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ብቻዬን ሦስት ምሽትና ሁለት መሸነፍ የፈጀብኝ ነገር በአምስት ሴት አንድ ከሰዓት ነው።

ሁለተኛ፣ በየቡድኑ አንዲት ትልቅ እናት ይኑሩ። ለክብር አይደለም፤ ያለ እሳቸው ሥራው አይሠራም። የአሮጌውን መዝገብ የእጅ ጽሑፍ ወጣቶቹ ማንበብ አይችሉም። «የደሴዋ» ተብላ የተጻፈችው ማን እንደነበረች፣ በክርስትና ስሟ የፈረመችው በዓለም ስሟ ማን እንደምትባል የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። መሣሪያው «እነዚህ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ መልሱን አያውቅም። መላሿ እናንተ ናችሁ። እናንተ እሺ ሳትሉ ሁለት ስም አንድ አይደረግም፤ ይህ በሕጋችን ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ምሥጢር ይጠበቅ። የእርዳታ ገጾች ፎቶግራፍ በቴሌግራምም ሆነ በሌላ አይላክም። የመዝገቡ ቅጂ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ሁለቱ በፍላሽ ሆነው በሁለት የተለያዩ አባላት ቤት። ወረቀቱም አይጣል። የተቃኘ ወረቀት አያስፈልግም የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

አራተኛ፣ እየተማርን እንጻፍ። በየሳምንቱ ተራ የደረሳት ሴት ያስረዳችውን በአማርኛ ትጻፈው፤ ለዚህች መጽሔታችን ይሁን። የመጀመሪያው ጸሐፊ ስም ከላይ ይጠቀስ፤ የለወጥነውም «ለውጠነዋል» ይባል። ፈቃዱ ይህንን ይጠይቃል።

ቅድም አስታውሱልኝ ያልኳችሁን አሁን አንሱልኝ። የስፓኒሽ፣ የፈረንሳይኛና የፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች በመተርጎም ጀምረው የራሳቸውን ጽፈዋል ብዬ ነበር። እኛም መተርጎም ብቻ አይበቃንም፤ አንዱ ትምህርት ከእኛው መምጣት አለበት። ስለ ሐመሩ ሐ እና ስለ ብዙኃኑ ኀ በሲድኒ ሙዚየም ዝርዝር ላይ የሚያስተምር የለም። ስለ ጳጉሜን የሚያስተምር የለም። ስለ ደስታ ዓለሙና ዓለሙ ደስታ የሚያስተምር የለም። ይህንን የምናውቀው እኛ ነን፤ ያወቅነውም ስለተሳሳትን ነው።

ኦፕንሪፋይን አንድ መልካም ጠባይ አለው። የሠራነውን እያንዳንዱን እርምጃ በተራ ይመዘግባል፤ ከተሳሳትንም ወደ ኋላ መመለስ እንችላለን። የእርምጃዎቹን ዝርዝር ደግሞ ለብቻው አውጥቶ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ስም ያገናኘንባቸው እርምጃዎች ግን ስሞቹን ስለሚይዙ የፊደል አመላለሱን እርምጃ ብቻ መርጠን እናወጣለን። የፊደሎቹን አመላለስ አንዴ በትክክል ከጻፍን ያቺን ፋይል ለጎረቤት እድር እንሰጣለን። እነሱ ሠላሳ አምስቱን ፊደል እንደገና አይለፉበትም። በኛ መዝገብ እንደጠፉት ሴት በእነሱም መዝገብ የጠፋች አትጠፋም፤ ትገኝላቸዋለች።

ትናንት ማታ ይህንን ንግግር ለቀድሞዋ ገንዘብ ያዣችን አነበብኩላቸው። ሲጨርሱ ያሉኝ «ኮምፒውተሩን አላውቀውም፤ ግን ቅዳሜ ከመጣችሁ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ» ነው። ለመጀመሪያው ቡድን አንድ ሰው አለን ማለት ነው። አራት ይቀረናል። መመዝገብ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ኑ፤ ስማችሁን ራሳችሁ በምትጽፉበት ፊደል ጻፉልኝ። እንደጻፋችሁት ይቀመጣል።